ቀዳዳው ሲሰፋ ጎርጎራ ጠፋ

ከጎርጎራ የመጣ ነው የተባለ ፎቶግራፍ ሲያጋጥማችሁ እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። ከሥሩ የተጻፈውን መግለጫ በእጃችሁ ሸፍኑና ሥፍራው የት እንደሆነ ለመናገር ጣሩ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ይታያል። የፊቱ መስመር አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ጥርት ብሏል፤ ዐይኑ ውስጥ የፀሐይ ነጸብራቅ አለ። ከትከሻው በስተኋላ ግን ያለው ሰማያዊና አረንጓዴ ጭጋግ ብቻ ነው። ጭጋጉ ጣና ሊሆን ይችላል፤ ሐዋሳ ወይም ዝዋይ ነው ቢባልም የሚከራከር የለም፤ የአንድ አዲስ አበባ ሆቴል መዋኛ ገንዳና አጥር ነው ቢባል እንኳ ማስተባበያ አይገኝም። ፎቶ አንሺው ግን ከጎንደር ተነሥቶ፣ በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጎ፣ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ በሀገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ዳር ቆሞ ነው ያነሣው። ጎርጎራ ያላትን ሁሉ ዘርግታ አሳየችው፤ እሱ ጭጋግ ይዞ ተመለሰ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት እንዲህ ነው።

ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? የመሣሪያው አይደለም። ፎቶ አንሺው በእጁ የያዘው ባለሙያዎች «ፈጣን ስታንዳርድ ዙም» የሚሉትን ሌንስ ነው። ሌንሱ ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 70 ሚሊሜትር የሚዘረጋ፣ ሲዘረጋም ሲሰበሰብም ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 2.8 መክፈት የሚችል፣ ከ800 ግራም እስከ አንድ ኪሎ የሚመዝን ከባድ ዕቃ ነው። ነገሩን ለማያውቁት በአጭሩ ለማስረዳት ያህል፣ የሌንስ ቀዳዳ እንደ ቤት መስኮት ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መስኮቱ ይሰፋል። በ70 ሚሊሜትር ላይ 2.8 ማለት 70 ለ2.8 ሲካፈል፣ ማለትም 25 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ነው። ከካሜራው ጋር በርካሽ የሚሸጠው ተራ ሌንስ ዙሙ ሲዘረጋ ከ5.6 በላይ መከፈት አይችልም። በ2.8 የሚገባው ብርሃን በ5.6 ከሚገባው አራት እጥፍ ነው። «ፈጣን» የተባለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ተራው ሌንስ አራት ጊዜ የሚፈጅበትን ብርሃን እሱ በአንድ ጊዜ ይሰበስባል።

ይህ ዓይነቱ ሌንስ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። በ1959 እ.ኤ.አ. ለ35 ሚሊሜትር ፎቶ ካሜራ የተሠራው የመጀመሪያው የገበያ ዙም፣ የፎይግትሌንደር «ዙማር»፣ ራሱ ከ36 እስከ 82 የሚዘረጋና 2.8 የሚከፈት ነበር። ኒኮን በ1987 እ.ኤ.አ. ባለ 35-70ውን፣ ካኖን በ1993 እ.ኤ.አ. ባለ 28-70ውን፣ ኋላም በ2002 እ.ኤ.አ. ባለ 24-70ውን አወጡ። ያን ጊዜ ይህን ሌንስ የሚይዙት የዜና ሰዎች ነበሩ። የዜና ሰው ሌንስ ለመቀያየር ጊዜ የለውም፤ ከጨለማ አዳራሽ ወጥቶ ፀሐይ ላይ፣ ከፀሐይ ወደ ጓዳ ይገባል። ሌንሱ የተበጀው ለዚህ ነው፤ በአንድ መሣሪያ ሰፊውንም ጠባቡንም፣ ብርሃኑንም ጨለማውንም ለመያዝ ማለት ነው። ሰውን ከሥፍራው ቆርጦ ለማውጣት የተበጀ አልነበረም።

ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ሌንሱ 2.8 ከተከፈተ በኋላ የሚዘጋው የለም። ንጋት ላይ 2.8፣ በቀትር 2.8፣ ሠርግ ላይ 2.8፣ ጎርጎራም ላይ 2.8። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ ሆኗል። የበስተኋላው መደብዘዝ፣ «ብለር» የሚሉት፣ የጥሩ ፎቶ ምልክት ተደርጎ ተቆጥሯል፤ ደብዛዛው ከበዛ ፎቶው «ፕሮፌሽናል» ይባላል። ስልኮች እንኳ ሳይቀሩ ይህንኑ ጭጋግ በሒሳብ ሠርተው ይቀቡ ጀምረዋል። ያ ሁሉ ዋጋ የወጣበት ሌንስ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ከሚቀባው ጭጋግ የተሻለ ነገር ካላመጣ፣ ኪሎ ብረትና መስተዋት አንገት ላይ አንጠልጥሎ መጓዝ ምን ይባላል?

ልማዱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ኤስ.ኤል.አር የምንለው ካሜራ በሌንሱ የገባውን ብርሃን በመስተዋት አንጸባርቆ ለዐይን የሚያሳይ ነው። በመመልከቻው ስናይ የሌንሱ ቀዳዳ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ እንደተከፈተ ነው፤ የሚጠበው ጣታችን ቁልፉን ሲጫን፣ ለዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። ስለዚህ ባለ 2.8ቱን ሌንስ የያዘ ሰው ዓለምን ቀኑን ሙሉ የሚያየው ደብዝዛ ነው። ዐይኑ ይለምደዋል፤ የለመደውንም ውበት ይለዋል። በብዙዎቹ ካሜራዎች ላይ ቀዳዳውን ከማንሣት በፊት አጥብቦ የሚያሳይ ትንሽ ቁልፍ ከሌንሱ ጎን አለ። ስንቱ ፎቶ አንሺ ነክቶት ያውቃል?

አሁን ሒሳቡን እንመልከት፤ ሒሳብ አያዳላምና። የፊልሙን ያህል ስፋት ባለው ካሜራ፣ በ70 ሚሊሜትር፣ በ2.8፣ ሁለት ሜትር ላይ የቆመ ሰው ብታነሡ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከአፍንጫ እስከ ጆሮ ማለት ነው። የያዘው መቅዘፊያ የለም፤ ከእግሩ ሥር የተዘረጋው መረብ የለም፤ ከኋላው ያለው ባሕር የለም። በዚያው ሌንስ ዙሙን ወደ 24 መልሳችሁ፣ ቀዳዳውን 8 አድርጋችሁ፣ ሁለት ሜትር ተኩል ላይ ብታተኩሩ ግን ከአንድ ሜትር ከሩብ ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ ያለው ሁሉ ይነበባል። ሰውየውም አለ፣ መረቡም አለ፣ ታንኳውም አለ፣ ጣናም አለ። አንድ ሌንስ ነው፤ ልዩነቱ ጣት የምታዞረው ነገር ብቻ ነው።

«የሚነበበው ምን አለና ነው?» የሚል አይጠፋም። ጎርጎራ ላይ የሚነበበው ብዙ ነው። ከሰውየው በስተኋላ የሚታየው አረንጓዴ ምንድን ነው? ታንኳ የሚታሰርበት ደንገል ነው ወይስ እምቦጭ? በ2.8 ሁለቱም አንድ አረንጓዴ ቅብ ናቸው። ለዓሣ አጥማጁ ግን አንዱ መሥሪያው ነው፣ ሌላው ጠላቱ። እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም ገደማ ወዲህ፣ የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻው ሕዝብ፣ የደምቢያም ገበሬ ጭምር፣ አረሙን በእጁ ሲነቅል ኖሯል። ቆሮሶ የሚያጠምደው ሰው መረቡን የጣለበት ውኃ ጥርት ያለ ይሁን በአረም የተሸፈነ፣ ያ ፎቶግራፍ ምስክር መሆን ይችል ነበር። ሌንሱ በሰፊው ስለተከፈተ ብቻ ምስክርነቱ ቀረ። ደንገሉ ወዴት እንደሸሸ፣ እምቦጩ እስከ የት እንደመጣ፣ ከዓመታት በኋላ የሚጠይቅ ልጅ ሲነሣ የምናሳየው አንድ ሺህ የሚያማምር ጭጋግ ይሆናል።

ዳርቻውም ቢሆን እንደ ነበረ አልቆየም። በ2012 ዓ.ም «ገበታ ለሀገር» ይፋ ሲሆን ከወንጪና ከኮይሻ ጋር የተመረጠችው ጎርጎራ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሪዞርት ተሠርቶባታል፤ የባሕሩ ጠርዝ መልኩን ለውጧል። ለውጡ መልካም ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ደጋፊውም ተቃዋሚውም ግን ቀድሞ የነበረውን ማየት ይፈልጋል። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዘጌ፣ በቁንዝላና በደልጊ አድርጎ ጎርጎራ ይደርስ የነበረው የመንገደኛ ጀልባ ሲጠጋ፣ ወደቡ ላይ ማን ይቆም ነበር? ምን ይጫን፣ ምን ይራገፍ ነበር? ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ጎርጎራ በፈለጉት ጊዜ ብድግ ብለው የሚሄዱባት ሥፍራ አልሆነችም። ስለዚህ ደርሶ የተመለሰ ሰው ያመጣው እያንዳንዱ ፎቶ ከቀድሞው የበለጠ ሸክም አለበት። በዚህ ጊዜ ሥፍራውን ማደብዘዝ የምርጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሊተካ የማይችል ነገር መጣል ነው።

የሚገርመው ነገር አባቶቻችን የነበሩበት ችግር የዚህ ተቃራኒ ነበር። የቀድሞው ፎቶ ቤት ጠባብ ክፍል ነበር። ባለ ፎቶ ቤቱ ሰውየውን ወደ ባሕር ዳር መውሰድ ስለማይችል ባሕሩን፣ ዘንባባውንና ድልድዩን መጋረጃ ላይ አስቀብቶ ከኋላው ይሰቅልለት ነበር። ቅቡ ያስቃል፤ ነገር ግን ፍላጎቱ ግልጽ ነው፤ ሰው ሥፍራ ይፈልጋል፣ ቆሞ የሚታይበት ሀገር ይፈልጋል። እኛ ዛሬ እውነተኛው ባሕር ከኋላችን ተዘርግቶ እያለ መልሰን መጋረጃ እናደርገዋለን፤ ያውም ምንም ያልተሣለበት መጋረጃ።

እንግዲህ ይህ ሌንስ ይጣል ማለታችን ነው? በፍጹም። ቀዳዳው ሊከፈት የሚገባበት ቦታ አለ፤ ቦታውም እዚያው ጎርጎራ ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተመሠረተች የሚነገርላት ደብረ ሲና ማርያም ከባሕሩ ዳር ነች። ክብ ቤተ ክርስቲያን ስትሆን፣ የመቅደሷ ግድግዳ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥዕል ተሸፍኗል፤ ሥዕሉንም ከአፄ ፋሲለደስ እህት ከመለኮታዊት ስም ጋር ያያይዙታል። ውስጧ ጨለማ ነው። ብርሃን የሚገባው በበሮቹ ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ጸሎት የሚያደርሱ ካህን ቢኖሩና እንድታነሡ ቢፈቀድላችሁ፣ በ2.8 በሰከንድ አንድ ስድሳኛ የምታነሡትን ተራው ሌንስ በ5.6 አንድ አሥራ አምስተኛ ይጠይቃችኋል። በዚያ ፍጥነት የካህኑ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ የእናንተም እጅ ይንቀጠቀጣል። ያለው ምርጫ ፍላሽ መተኮስ ነው።

ፍላሽ ደግሞ ሁለት ጥፋት ይሠራል። አንደኛ፣ ጸሎት ላይ ያለን ሰው ፊት በመብረቅ ይመታል፤ ይህ በየትኛውም ሀገር ነውር ነው። ሁለተኛ፣ የቤቱን መልክ ይገድላል። ከበሩ የገባው ብርሃን በአንድ ጎን አልፎ፣ ግማሹን ፊት አብርቶ፣ ግማሹን ለጥላ ትቶ የነበረው ሁሉ በአንድ ብልጭታ ጠፍጣፋ ነጭ ይሆናል፤ ሥዕሉም እየበራ መልሶ ዐይን ይወጋል። እዚህ ላይ ባለ 2.8ቱ ሌንስ የዋጋውን ይከፍላል፤ ጨለማውን በጨለማነቱ፣ ዝምታውን በዝምታው ያነሣል። በጨለማ ውስጥ ቀዳዳን መክፈት ለሥፍራው ማክበር ነው፤ በቀትር ፀሐይ፣ በባሕር ዳር መክፈት ግን ሥፍራውን መናቅ ነው። የእኛ ክርክር በሙሉ እዚህች ላይ ትጠቀለላለች።

በዚያች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ቢሆን ሁሉም ነገር በ2.8 አይነሣም። ግድግዳው አይሸሽም፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከፈረሱ ወርዶ አይሄድም። ሥዕሉን ለማንሣት ከተፈቀደ ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አስቀምጦ፣ ቀዳዳውን 8 አድርጎ፣ አንድ ስምንተኛ ሰከንድ መጠበቅ ነው። ያን ጊዜ ከጥግ እስከ ጥግ ያለው መስመርና የቀለሙ ስንጥቅ ሳይቀር ይመዘገባል፤ ነገ አንድ ጥግ ቢላጥ ምን እንደነበረ የሚነግረን ይህ ፎቶ ነው። በ2.8 የተነሣው ግን መሐሉ ጠርቶ ዳርና ዳሩ ይላላል።

ደግሞስ ከእነዚያ ሠዓሊዎች የምንማረው የለም? በሥዕላቸው ውስጥ የደበዘዘ ነገር የለም። ቅዱሱ ትልቅ ነው፣ ከእግሩ ሥር የተደፋው ለማኝ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የለማኙ ልብስ ጥለት እንደ ቅዱሱ ካባ ጥርት ብሎ ተሥሏል። ደጉን በሁለት ዐይኑ፣ ክፉውን በአንድ ዐይኑ አስቀመጡት፤ ክፉውን እንኳ አላጠፉትም። ማን ዋና እንደሆነ ለመናገር ሌላውን መሰረዝ አላስፈለጋቸውም። እኛ ግን ዋናውን ለማሳየት የቀረውን ዓለም ካላጠፋን አይሆንልንም።

በዚህ ላይ የሚቀርቡትን መከራከሪያዎች እናውቃቸዋለን። አንደኛው «በስተኋላው የተዝረከረከ ስለሆነ ዐይን ይበትናል» የሚል ነው። እውነት ነው፣ የተዝረከረከ ዳራ አለ። መፍትሔው ግን እግር ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ብትሄዱ ያ የመብራት ምሰሶ ከሰውየው ራስ ላይ ይወርዳል፤ ጎንበስ ብትሉ ባሕሩ ከትከሻው በላይ ይነሣል። ቀዳዳ መክፈት አቀማመጥን አያስተካክልም፤ የተበላሸውን አቀማመጥ ጭጋግ ያለብሰዋል እንጂ። ዙሙም እንዲሁ ነው። ዙም የተሰጠን እግራችንን እንድናሳርፍ መስሎን፣ በሩቅ ቆመን ወደ 70 ዘርግተን ሰውን እንቆርጠዋለን። ቀርቦ ሰላም ብሎ፣ ስም ጠይቆ፣ ፈቃድ አግኝቶ፣ ለመነጋገር በሚያመች ርቀት በ24 ወይም በ35 ያነሣ ሰው ግን ሰውየውንም ሀገሩንም ይዞ ይመለሳል።

ሁለተኛው «2.8 የገዛሁት በ2.8 ለማንሣት ነው፤ 8 ላይ ካነሣሁማ ርካሹ ይበቃኝ ነበር» የሚለው ነው። ይህ የገንዘብ ክርክር ይመስላል እንጂ ሒሳቡን አላወቀም። አስቀድመን እንዳልነው በኤስ.ኤል.አር መመልከቻ የምናየው ቀዳዳው ተከፍቶ ነው፤ ስለዚህ በ8 ብታነሡም መመልከቻችሁ በ2.8 ብርሃን ይደምቃል። የብዙ ካሜራዎች የትኩረት መለኪያም 2.8 ወይም ከዚያ የሰፋ ሌንስ ሲገጠምላቸው ይበልጥ ትክክል ይሆናሉ። ሌንሱም ራሱ ከሙሉ ክፍቱ ሁለት ሦስት ደረጃ ሲጠብ ነው ጥራቱ ከዳር እስከ ዳር የሚስተካከለው። ስለዚህ ያወጣችሁት ገንዘብ አልጠፋም። ሙሉ በሙሉ መክፈት መቻል መብት ነው፤ መብት ሁሉ ደግሞ በየሰዓቱ አይሠራበትም። አንበሳ ጠብመንጃ ያለው ሰው ሰላም ሲልም አይተኩስም።

ሦስተኛው «እኛ አርቲስቶች ነን፣ የመዝገብ ሠራተኞች አይደለንም» የሚለው የኩራት ቃል ነው። ይሁን። ለጥበብ ሲባል የሚደበዝዝ ፎቶ ይኑር፤ ማንም አይከለክልም። ነገር ግን ጥበብ ምርጫ ይጠይቃል። ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ የሚያደርግ ሰው መረጠ አይባልም፤ ለመደ ነው የሚባለው። ከአያያዝ ይቀደዳል ከአነጋገር ይፈረዳል።

ወደ ሌላው የጎርጎራ ገጽ እንለፍ። ከአሁኗ ከተማ በስተምዕራብ፣ በአሮጌው ጎርጎራ፣ የአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሕንፃ ፍርስራሽ አለ፤ ማርያም ግምብ ይሉታል። ከኢየሱሳውያኑ ዋነኛው ፔድሮ ፓኤዝ በ1622 እ.ኤ.አ. ያረፈው በጎርጎራ ነው። የድንጋዩ ሥራ ያን ዘመን ሁሉ ተሸክሞ ቆይቶ ዓመት በመጣ ቁጥር ይጎድላል። በ1937 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጆቶ ዳይኔሊ የሚመራ የጣሊያን የጥናት ቡድን ጣናን ዞሮ አጥንቶ ሥራውን በቅጽ በቅጽ አሳትሟል። የመጡበት ዓላማ ቅን አልነበረም፤ ሀገሩን ያጠኑት ለመግዛት ነው። ነገር ግን ሊወርስ የመጣው ባዕድ ባሕሩን ጥርት አድርጎ ለማየት ሲደክም፣ ባለቤቱ ልጅ አደብዝዞት ሲመለስ እንዴት አያሳፍርም? የፈረሰ ግምብ ከፈረሰ በኋላ የሚቀርለት ፎቶግራፉ ነው። ፎቶግራፉም ከፈረሰ ምን ይቀራል?

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምንደመድመው በምክር ሳይሆን በጥያቄ መልክ በምናቀርበው አቤቱታ ነው፤ አቤቱታውም ከፎቶ አንሺው ይልቅ ፎቶ የሚመርጠውን ይመለከታል። የቀን መቁጠሪያ የምታሳትሙ፣ የቱሪዝም ጽሑፍ የምታዘጋጁ፣ ዐውደ ርዕይ የምትከፍቱ፣ መጽሔት የምታርሙ ሁሉ፤ የጎርጎራ ፎቶ ሲመጣላችሁ «ጎርጎራ የታለች?» ብላችሁ መጠየቅ ምን ይከብዳችኋል? መልሱ ጭጋግ ከሆነ መልሳችሁ ብትሰጡት ፎቶ አንሺው በቀጣዩ ጉዞ ቀዳዳውን ማጥበብ ይማራል። ገበያው ጭጋግ ሲገዛ ጭጋግ ይመረታል፤ ገበያው ሀገር ሲጠይቅ ሀገር ይቀርባል። ሌንሱ ለሁለቱም ዝግጁ ነው። ከ2.8 እስከ 8 ያለው ርቀት የጣት ሦስት እርምጃ ነው፤ ጣናም፣ ደንገሉም፣ ወደቡም የሚገቡት ቀዳዳው ሲጠብ ነው።